የ15 ዓመት ልጄ ከወጣቶች ቡድን ጋር ወደ ሃዋይ ትልቁ ደሴት ልትሄድ ነው፤ አዘጋጆቹን ምን ልጠይቃቸው?

እናት ከሲያትል

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የዚህ መድረክ አባላት።

ሴት ልጄ 15 ዓመቷ ነው። ከአንድ የወጣቶች የጉዞ ቡድን ጋር በነሐሴ ወር መጀመሪያ ለ9 ቀናት ወደ ሃዋይ፣ «ትልቁ ደሴት» እየተባለ ወደሚጠራው፣ ለመሄድ ተመዝግባለች። ልጆቹ 12 ሲሆኑ ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 17 ዓመት ነው፤ የሚመሯቸውም ሁለት ጎልማሶች ናቸው። ከተላከልን መርሐ ግብር እንደተረዳሁት አምስቱን ሌሊት በድንኳን፣ ሦስቱን በእንግዳ ማረፊያ ያድራሉ። ቀን ቀን በኪላዌያ እሳተ ገሞራ ዙሪያ በእግር ይጓዛሉ፣ ካያክ የምትባል ጠባብ ጀልባ ይቀዝፋሉ፣ በስኖርክል (ፊትን ውኃ ውስጥ ነክሮ በሚተነፍሱበት ቱቦ) ዓሣ ያያሉ፤ አንድ ምሽት ደግሞ ኮከብ ለማየት ማውና ኬያ ተራራ ላይ ይወጣሉ።

እኔ ያደግሁት ደሴ ነው። ባሕር ያየሁት ካገር ከወጣሁ በኋላ ሲሆን፣ እሳተ ገሞራ ሲባል ደግሞ ዓይኔ ላይ የሚመጣው በቴሌቪዥን ያየሁት የኤርታ አሌ የሚንተከተክ ቀይ ሐይቅ ብቻ ነው። ባለቤቴ «ስልኳን ጥላ ከክፍሏ ትውጣልኝ እንጂ እሳተ ገሞራም ቢሆን ደርሳ ትምጣ» እያለ ይቀልዳል፤ እኔ ግን ገንዘቡን ከከፈልን ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ልጅቷን ከመንገዷ ማስቀረት አልፈልግም፤ ዓመቱን ሙሉ በትርፍ ጊዜዋ ሕፃናት እየጠበቀች ከወጪው ሩቡን የሸፈነችው ራሷ ናት።

የሚያሳስቡኝ ነገሮች እነዚህ ናቸው። እሳተ ገሞራው እነሱ እዚያ እያሉ ቢፈነዳ ምን ይሆናል? ልጄ በሕፃንነቷ አስም ነበረባት፤ አሁን የሚቀሰቀስባት ጉንፋን ሲይዛት ብቻ ነው፤ የእሳተ ገሞራው ጢስ ይጎዳት ይሆን? ሌላው፣ ጉዞው በጾመ ፍልሰታ ላይ ውሏል፤ ልጄም ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ፍልሰታን አስታጉላ አታውቅም፤ በዚያ ደሴት የጾም ምግብ ይገኛል? አዘጋጆቹ በሚቀጥለው ሳምንት ለወላጆች ስብሰባ ጠርተዋል። ባዶ እጄን ሄጄ «ልጄን አደራ» ብቻ ብዬ እንዳልመለስ፣ ምን ብዬ ብጠይቃቸው እንደሚበጅ የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ሂሎ የነበርኩ

ጤና ይስጥልኝ፣ እህቴ። በዚያው ደሴት በምሥራቅ ዳርቻ ባለችው በሂሎ ከተማ ለትምህርት አራት ዓመት ኖሬያለሁ፤ ስለዚህ የማውቀውን በዝርዝር ልጻፍልዎ።

በመጀመሪያ ኪላዌያን በተመለከተ ልብዎን ያሳርፉ። ይህ እሳተ ገሞራ ብዙ ጊዜ የሚፈነዳ ቢሆንም በዓለም ላይ በቅርብ ከሚጠበቁት አንዱ ነው። የሚከታተለው የጥናት ጣቢያ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1912 ሲሆን፣ ዛሬም በየዕለቱ መግለጫ ያወጣል፣ የገሞራውን አፍ በቀጥታ የሚያሳዩ ካሜራዎችም አሉት፤ እርስዎም ሲያትል ቤትዎ ሆነው ሊመለከቱት ይችላሉ። ከዲሴምበር 2024 ጀምሮ ሃሌማኡማኡ በሚባለው የተራራው አናት ጉድጓድ ውስጥ ላቫው፣ ማለትም የቀለጠው ድንጋይ፣ እንደ ፏፏቴ ወደ ላይ እየተተኮሰ፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቀን ሳይሞላ እየቆመ፣ ከዚያም ለቀናት ወይም ለሳምንታት እያረፈ እንደገና ሲነሣ ቆይቷል። አንዳንዴ ከ300 ሜትር በላይ ይወረወራል። የሚፈሰው ግን በጉድጓዱ ውስጥ ነው፤ ጎብኚው የሚያየውም ከሩቅ ከጉድጓዱ ጠርዝ ሆኖ ነው። ስለዚህ ልጅቷ «እሳት አያለሁ» ብላ ሄዳ ጥቁር ድንጋይና ነጭ እንፋሎት ብቻ አይታ ልትመለስ እንደምትችል ከወዲሁ ይንገሯት።

እሳቱ ሁልጊዜ በጉድጓዱ ተወስኖ ይቀራል ማለቴ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2018 መሬቱ ከተራራው አናት ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ በመኖሪያ መንደር መካከል ተሰነጠቀና ላቫው ከ700 በላይ ቤቶችን በላ። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ፣ ላቫው ወደ ባሕር ሲገባ ለማየት በጀልባ የተጠጉ ጎብኚዎች ላይ በፍንዳታ የተወረወረ ድንጋይ የጀልባዋን ጣሪያ በስቶ 23 ሰዎች ተጎድተዋል። ያኔም መንደሩ ቀስ በቀስ ሲለቅ፣ ጀልባዋ ላይ የነበሩት ግን ወደ እሳቱ የሄዱት በገዛ ፈቃዳቸው ነበር። ስለዚህ ስብሰባው ላይ የእሳተ ገሞራውን መፈንዳት ሳይሆን ይህንን ይጠይቁ፦ ልጆቹን ከተፈቀደው መንገድ አውጥተው፣ ወይም በጀልባ፣ ወደ ላቫ የማስጠጋት ሐሳብ አላቸው ወይ? «እንደ ሁኔታው እናያለን» የሚል መልስ እኔን አያጠግበኝም።

በእግር ከሚሄዱባቸው መንገዶች ኪላዌያ ኢኪ ሳይኖርበት አይቀርም፤ እኔ ደጋግሜ ሄጄበታለሁ። ከጠርዙ በደን ውስጥ 120 ሜትር ያህል ወደ ታች ይወርዱና ድንገት ጥቁር ሜዳ ላይ ብቅ ይላሉ። ያ ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1959 የተሞላ የላቫ ሐይቅ ነበር፤ ያኔ እሳቱ እስከ 580 ሜትር ከፍታ ተተኩሷል። ዛሬ ላዩ ደርቆ እንደተሰነጣጠቀ የጭቃ ሜዳ ሆኗል። ዝናብ ሲጥል ውኃው በስንጥቁ ገብቶ ከሥር ካለው ትኩስ አለት ይደርስና እንፋሎት ሆኖ ይመለሳል፤ እጅዎን ሲያስጠጉ እንደ ሽሮ ድስት ክዳን ይሞቃል፣ መነጽርዎም ወዲያው ይጋረዳል። ከዚያው ስንጥቅ ውስጥ ክንድ የማታህል የኦሂያ ዛፍ ቀይ አበባዋን ይዛ ቆማ ያያሉ። የኦሂያን ዛፍ የሚገድል የፈንገስ በሽታ ስላለ በመንገዱ መግቢያ ላይ የጫማ መጥረጊያ ብሩሽ ተቀምጧል፤ ልጅቷ ዘላው እንዳታልፍ ይንገሩልኝ።

የላቫው ድንጋይ ሁለት ዓይነት ነው፤ ስሞቹም የሃዋይ ቃላት ሆነው በመላው ዓለም የሳይንስ መጠሪያ ሆነዋል። ፓሆኢሆኢ የሚሉት ለስላሳና እንደ ተጠቀለለ ገመድ ያለ ሲሆን፣ አአ የሚሉት ግን እንደ ተሰባበረ ጠርሙስ ሹል ነው። እኔ እዚያ በገባሁ በመጀመሪያው ወር በነጠላ ጫማ ወጥቼ አአ ላይ ተንሸራተትኩና ራሴን ለማዳን እጄን ዘረጋሁ፤ መዳፌ ከአውራ ጣቴ ሥር እስከ አንጓዬ ተተለተለ፣ የድንጋዩን ስብርባሪም ነርሷ በወረንጦ ስትለቅም አመሸች። አንድ ጥንድ የአትክልት ጓንት ከሦስትና ከአራት ዶላር አይበልጥም፤ ረጅም ሱሪና ሶሉ ያላለቀ ጫማም ያስፈልጋታል።

ይህን ሁሉ ጽፌ ግን እኔ ልጄን ብልክ የምፈራው እሳቱን ሳይሆን ውኃውን ነው። ሃዋይ ውስጥ ጎብኚዎችን በብዛት ከሚገድሉት ነገሮች ግንባር ቀደሙ በስኖርክል ሲዋኙ የሚደርስ አደጋ ነው። ውቅያኖሱ ፊት ለፊት የሚያግደው መሬት ስለሌለ ከሩቅ የተነሣ ሞገድ በጠራ ሰማይ ሥር ሳይታሰብ ይደርሳል፤ የአገሬው ሰው ልጆቹን «ለባሕር ጀርባችሁን አትስጡ» እያለ የሚያሳድገው ለዚህ ነው። ልጅቷ በከተማ ገንዳ መዋኘት ተምራ ከሆነ ጥሩ ጅምር ነው፤ ገንዳ ግን አይጎትትም። የሚዋኙበት ዳርቻ ሁሉ ላይፍጋርድ (ዋናተኞችን የሚጠብቅ ነፍስ አድን) ያለበት መሆኑን፣ ልጆቹ ባሕር ከመግባታቸው በፊት የመዋኘት ፈተና እንደሚወስዱ፣ ውኃ ውስጥ ሲሆኑም ስንት ጎልማሳ አብሯቸው እንደሚገባ ይጠይቁ። ለ12 ልጆች ሁለት መሪ በእግር መንገድ ላይ ይበቃ ይሆናል፤ ባሕር ውስጥ ግን አንዱ ልጅ ቢደክምና አንዱ መሪ ይዞት ቢወጣ 11ዱ ለአንድ ሰው መቅረታቸው ነው።

በባሕር ዳርቻ ድንኳን የሚተክሉ ከሆነ ስለ ሱናሚም ይጠይቁ። ሂሎ እ.ኤ.አ. በ1946 እና በ1960 በሱናሚ ብዙ ሰው ያለቀባት ከተማ ናት፤ በጁላይ 2025ም ከሩሲያ ምሥራቅ ዳርቻ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ማስጠንቀቂያ ተነግሮ ሕዝቡ ከባሕር ዳር ሸሽቷል። የሳይረኑ ድምፅ በሌሊት ቢሰማ ወዴት እንደሚወጡ መሪዎቹ አሁኑኑ መናገር መቻል አለባቸው።

የጾሙ ነገር አያስጨንቅዎ። የአገሬው ዋና ምግብ ከኛው ጎደሬ የሚሠራ ነው፤ ቀቅለው ወቅጠው ፖይ ያደርጉታል፣ ሲውል ሲያድር ይኮመጥጣል፤ አሜሪካኖች ፊታቸውን ሲያጨማድዱበት እኔ እንጀራ ያሳደገኝ ሰው በደስታ በላሁት። ሩዝ፣ ስኳር ድንችና ፓፓያ በየቦታው ይገኛል። አንድ ጥንቃቄ አለው፦ በዚያ ደሴት ከቀንድ አውጣና ከመሰሎቹ ወደ ጥሬ ቅጠል የሚተላለፍ፣ አንጎልን የሚያጠቃ ጥገኛ ትል ስላለ፣ ሰላጣ ቅጠል በቅጠሉ ተገላልጦ ካልታጠበ ይቅርባት። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር ግን እዚህ ባንከፍተው ይሻላል።

አባት ከዴንቨር

ከላይ የጻፉት ወንድማችን ስለ ውኃው ያሉትን እኔ በገንዘቤ ነው የተማርኩት። የመጀመሪያ ልጄ በ16 ዓመቱ ከሌላ ቡድን ጋር ወደዚያው ደሴት ሄዶ ነበር። በአራተኛው ቀን ማለዳ ስልክ ደውሎ «ካያኩን ሰረዙብን» ብሎ አለቀሰ ማለት ይቻላል፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋስ የሌለበት ቀን ነበር። እኔም ለዚያች ቀን ተጨማሪ ክፍያ የከፈልኩ በመሆኔ ተናድጄ ለመሪዋ ጻፍኩላት። የመለሰችልኝ በሦስት መስመር ነው፤ ከሰሜን ከፍ ያለ ሞገድ እየመጣ መሆኑን ከትንበያው እንዳየች፣ ልጆቹ ሲወጡ ባይደርስ እንኳ ሲመለሱ እንደሚደርስ፣ ገንዘቡንም ከቢሮው መጠየቅ እንደምችል ነገረችኝ። ከሰዓት በኋላ ልጄ የላከልኝን ቪዲዮ ሳይ ማለዳ ሊነሡበት የነበረው የድንጋይ መውረጃ በነጭ አረፋ ተውጧል። የቁጣ መልእክቴን እስከ ዛሬ አላጠፋሁትም፤ አንዳንዴ አነበዋለሁ።

ስለዚህ እህቴ፣ አዘጋጆቹን «ስንት ጊዜ ሰርዛችሁ ታውቃላችሁ? የሰረዘውስ ማን ነው?» ብለው ይጠይቋቸው። ቦታው ላይ ያለው መሪ ቢሮውን ሳያስፈቅድ መሰረዝ የሚችል መሆኑን፣ መርሐ ግብሩ ሲታጠፍም ልጆቹን የሚያውሉበት ሌላ ነገር መኖሩን ማወቅ ይፈልጋሉ። በዝናብ ቀን የሚሠራ ዕቅድ የሌለው ቡድን በዝናብም ቢሆን መሄዱ አይቀርም።

አንድ ቅሬታም አለኝ። ልጄ እዚያ እያለ እግሩ ተጭሮ ነበር፤ በማግሥቱ ግን ከሌሎቹ ጋር ፏፏቴ ሥር ባለ ኩሬ ውስጥ ዋኘ። የሃዋይ ወንዞችና ኩሬዎች ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል፣ ከእንስሳት ሽንት ወደ ውኃ ገብቶ በቁስል በኩል ወደ ሰው የሚተላለፍ ባክቴሪያ እንዳለባቸው ከላኩልን ሃያ ገጽ ወረቀት ውስጥ አንድም ቦታ አልተጻፈም። ከተመለሰ በሁለተኛው ሳምንት ትኩሳትና የጡንቻ ሕመም ሲይዘው ጉንፋን ነው ብለን ሦስት ቀን አስተኛነው። ሐኪሙ «የት ነበርክ?» ብሎ ባይጠይቀው ኖሮ ምርመራውም አይታዘዝም ነበር፤ በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ዳነ። ልጅዎ ከተመለሰች በኋላ ባለው አንድ ወር ውስጥ ትኩሳት ከያዛት ሃዋይ እንደነበረች ለሐኪሟ መንገር አይርሱ።

ስለ ፀሐይም አንድ ቃል ልበል፤ «ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም» የሚለው የኛ ቤት ወግ እዚያ አይሠራም። ልጄ በጀርባው ተኝቶ መተኛት ሳይችል ሁለት ሌሊት አሳልፏል። ቅባቱን ስትገዙ ኦክሲቤንዞን እና ኦክቲኖክሴት የሌለበትን ምረጡ፤ ኮራል የሚባለውን የባሕር ውስጥ ፍጥረት ስለሚጎዱ ሃዋይ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ሽያጫቸውን ከልክላለች።

ሲመለስ ለእናቱ በደሴቲቱ ምዕራብ በኩል ካለው ከኮና ቡና ይዞላት መጣ። ቡና ወደ ኮና የገባው እ.ኤ.አ. በ1828 ነው ይላሉ፤ ዘሩ ዞሮ ዞሮ ከኛው አገር የወጣ መሆኑን ልጄ ለጓደኞቹ ሁሉ ሰብኳል። ያመጣው ግን ተቆልቶ የተፈጨ በመሆኑ ባለቤቴ «ጭሱን ሳላይ ቡና አልልም» ብላ እስከ ዛሬ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች።

ነርስ ከሜሪላንድ

በሕፃናት ክፍል ውስጥ የምሠራ ነርስ ነኝ፤ አስሙን በተመለከተ የሚከተለውን ልጨምር። የምጽፈው ግን የልጅቷን ሐኪም የሚተካ አይደለም፤ ከጉዞው በፊት መታየት አለባት።

ከኪላዌያ የሚወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የሚባል ጋዝ አስም ያለበትን ሰው የአየር ቧንቧ በጥቂት መጠንም ቢሆን ሊያጠብበው ይችላል። ጋዙ ከአየርና ከፀሐይ ብርሃን ጋር ተዋሕዶ የሚፈጥረውን ጭጋግ የደሴቲቱ ሰዎች ቮግ ይሉታል። አብዛኛውን ጊዜ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ፣ ማለትም ወደ ኮና በኩል ይወስደዋል፤ ነፋሱ ሲቆም ወይም ሲገለበጥ ግን ወደ ሂሎም ይደርሳል። ይህ ማለት መሪዎቹ ጠዋት ጠዋት የአየሩን ጥራት መለኪያ አይተው የዕለቱን ቦታ መለዋወጥ አለባቸው ማለት ነው። ይህን ያደርጉ እንደሆነ ቢጠይቋቸው መልሱ ብዙ ነገር ይነግርዎታል።

ከሁሉ በላይ የምለምንዎ ኢንሄለሯ፣ ማለትም በአፍ የሚሳበው የአስም መድኃኒቷ፣ በራሷ ኪስ እንዲሆን ነው። ብዙ ቡድኖች የልጆችን መድኃኒት ሰብስበው በመሪው ሻንጣ ያኖራሉ፤ ለሌላው መድኃኒት መልካም ሥርዓት ነው፣ መሪው ግን ከሰልፉ ፊት ሆኖ ልጅቷ ከኋላ ብትታፈን ያ ሻንጣ ግማሽ ሰዓት ይርቃል። ሁለተኛ ኢንሄለር ለመሪው ይስጡ፤ ሐኪሟም አስሙ ሲነሣ የሚደረገውን ደረጃ በደረጃ በአንድ ገጽ ይጻፍላት።

ስለ ማውና ኬያ ማንም ስላላነሣ እኔ ላንሣው። ከፍታው 4,207 ሜትር ነው፤ ከራስ ደጀን የሚያንሰው በጥቂት መቶ ሜትሮች ነው። ራስ ደጀን ላይ የሚወጣ ሰው ግን በቀናት ቀስ እያለ ነው፤ እዚያ ከባሕር ወለል ተነሥቶ በመኪና በሁለት ሰዓት ገደማ ጫፍ ይደረሳል። አናቱ ላይ ሳንባ የሚያገኘው ኦክስጅን ከባሕር ዳር ጋር ሲነጻጸር በ40 በመቶ ያህል ይቀንሳል። «እኛ ደገኞች ነን» የምትሉ ወላጆች ትኖራላችሁ፤ ሲያትል ተወልዳ ያደገች ልጅ ሳንባዋ የሲያትል ነው። 2,800 ሜትር ላይ የጎብኚዎች ማረፊያ አለ፤ ኮከቡ ከዚያም በሚገባ ይታያል፣ እኔ ብሆን ከዚያ በላይ እንዳትወጣ በጽሑፍ እጠይቅ ነበር። ከቡድኑ ውስጥ በአየር ጋን ባሕር ውስጥ የሚጠልቅ ልጅ ካለ ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ ተራራው ላይ መውጣት የለበትም። ነሐሴም ቢሆን ሌሊቱ በጣም ይበርዳል፤ ወፍራም ጃኬትና ቆብ ያስይዟት።

የጾሙን ምግብ ወንድማችን ነግረውናል፤ እኔ የምጨነቀው ስለ ሰዓቱ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉና ሳይጠጡ ያንን ጥቁር ሜዳ በፀሐይ መሻገር ለልጅ አደጋ ነው። የንስሐ አባታችሁን አነጋግሩ፤ እኔ የማውቃቸው ካህናት መንገደኛን ከሰዓቱ ነፃ ሲያደርጉ አይቻለሁ።

እናት ከሲያትል

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ስብሰባው ትናንት ነበር፤ የጻፋችሁልኝን በወረቀት ይዤ ገባሁ። ሌሎቹ ወላጆች ስለ ስልክና ስለ ክፍል አደላደል ሲጠይቁ ቆይተው የእኔ ተራ ሲደርስ አዳራሹ ጸጥ አለ።

ስለ ላቫው የመለሱት ቁርጥ ያለ ነበር፦ ከተፈቀደው መንገድ አይወጡም፣ በጀልባም አይጠጉም። የመዋኘት ፈተናው በመጀመሪያው ቀን በገንዳ ይሰጣል፤ በካያኩና በስኖርክሉ ቀን ከአካባቢው ሁለት ባለሙያ አስጎብኚዎች ስለሚጨመሩ ውኃ ውስጥ ለ12 ልጆች አራት ጎልማሶች ይኖራሉ። ሱናሚን ስጠይቅ ወጣቷ መሪ ስልኳን አውጥታ ድንኳን ከሚተክሉበት ቦታ በእግር የሚወጡበትን ኮረብታ በካርታ አሳየችኝ፤ ሳትንተባተብ መመለሷ ደስ አሰኘኝ። ማን ይሰርዛል ላልኩት «እኔ ነኝ፤ ባለፈው ዓመት ሁለት ጊዜ ሰርዤ ወላጆች ጮኸውብኛል» አለች። አባት ከዴንቨርን አስታወስኩና ሳቄ መጣ።

ያልተስማማንበት ኢንሄለሩ ላይ ነው። ቢሮው መድኃኒት ሁሉ በመሪ እጅ ይሁን የሚል ደንብ አለኝ ብሎ ነበር፤ የሐኪሟን ደብዳቤ ካመጣሁ ግን አንዱን በኪሷ እንድትይዝ ፈቅደዋል፤ ቀጠሮዋም ማክሰኞ ነው። ማውና ኬያ ላይ ከማረፊያው በላይ እንደማትወጣ ፈርሜያለሁ፤ ልጄ ለአንድ ቀን ኩርፊያ ብትይዝም ከእሷ ጋር እዚያው የሚቀሩ ሌሎች ሦስት ልጆች መኖራቸውን ስትሰማ ለቀቃት። የንስሐ አባታችንም ሰዓቱን ትተው ምግቡን ብቻ እንድትጠብቅ ነግረዋታል።

ጓንቱን ገዝቻለሁ። ቅዳሜ ደግሞ ከነልብሷ እንድትዋኝ ገንዳ ልወስዳት ነው፤ እኔም፣ በ46 ዓመቴ፣ ለጀማሪዎች ትምህርት እዚያው ተመዝግቤያለሁ።